«ይቀመጡ» ማለት ሁልጊዜ ማክበር አይደለም

ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ሁላችንም ወደየትውልድ አገራችን እንገባለን። ከቤት እንደ ደረስን አያታችን ከመደብ ተነሥተው ውሃ ሊያቀርቡልን ወይም ጀበና ሊጥዱልን ሲሉ ባንድ አፍ «ኧረ እማማ፣ ይቀመጡ! እኛ እያለን!» እንላለን። እሳቸውም «ተባረኩ ልጆቼ» ብለው መርቀውን ይቀመጣሉ። በዓመቱ ስንመለስ ከመደቡ ለመነሣት ግድግዳ ይይዛሉ። በሁለተኛው ዓመት ሰው ካልደገፋቸው አይነሡም። በሦስተኛው ዓመት «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ተብሎ ነገሩ ይዘጋል። በቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ፣ የተማርነውም ያልተማሩትም፣ በዚህ ፍርድ እንስማማለን። ፍርዱ ትክክል ይሁን አይሁን ግን የመረመረ የለም።

እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ተነሥተናል። አሳባችንንም አስቀድመን በግልጽ እንናገራለን። እርጅና እያልን የምንጠራው ድካም ሁሉ የዕድሜ ሥራ አይደለም፤ ከፊሉ የመቀመጥ ሥራ ነው። ዕድሜን የሚያቆም ኀይል እስከ ዛሬ አልተገኘም። መቀመጥን ግን አብዛኞቻችን ልንተወው እንችላለን። ሁለቱን ሳንለይ በአንድ ስም ስለ ጠራናቸው፣ ልናድነው የምንችለውን ነገር እንደማይድን ቆጥረን እጃችንን አጣጥፈን እናያለን።

«ይህ የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው፤ የ20 ዓመት ተማሪን ምን አገባው?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። መልሱን የሚሰጡልን እንደኛው ተማሪዎች የነበሩ 5 ወጣቶች ናቸው። በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) በአሜሪካ አገር በዳላስ ከተማ የሕክምና ሊቃውንት 20 ዓመት የሆናቸውን 5 ጤነኛ ወንዶች መርጠው ለ3 ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። ወጣቶቹ በሽታ አልነበረባቸውም፤ የተከለከሉት መነሣትና መራመድ ነበር። ከመተኛታቸው በፊትና ከተነሡ በኋላ ሰውነታቸው በብርቱ ሲሠራ ሊጠቀምበት የሚችለው የኦክሲጂን መጠን ተለካ። ይህ መጠን የልብ፣ የሳንባና የጡንቻ ኀይል በአንድነት የሚታይበት መስፈሪያ ነው። በ3 ሳምንት ውስጥ ከሩብ በላይ ወርዶ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ለ2 ወር ያህል በብርቱ እንዲሠለጥኑ ተደርገው ያጡትን መለሱ፤ ከፊተኛውም አለፉ።

የነገሩ ፍሬ ያለው ግን ከዚያ በኋላ በተደረገው ላይ ነው። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚያው 5 ሰዎች ተፈልገው ተገኙና እንደ ገና ተለኩ። ዕድሜያቸው 50 ደርሷል፤ ክብደታቸውም በአማካይ ከ20 ኪሎ በላይ ጨምሯል። የኦክሲጂኑ መጠን ሳይተኙ በፊት በ20 ዓመታቸው ከነበረው ከመቶ 12 እጅ ያህል ቀንሷል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሁለቱን ቍጥሮች አስተያይ። 30 ዓመት ሙሉ የዕድሜ ጉዞ የወሰደባቸው፣ 3 ሳምንት አልጋ ላይ መዋል ከወሰደባቸው ግማሹን እንኳ አይሞላም!

ሊቃውንቱ በዚህ ሳያበቁ ሰዎቹን ለ6 ወር ያህል ቀስ በቀስ እየጨመሩ በእግር እንዲሄዱ፣ ሶምሶማ እንዲሮጡ፣ ብስክሌት እንዲነዱ አደረጓቸው። በመጨረሻው ሲለኩ የ50 ዓመቶቹ ሰዎች የኦክሲጂን መጠን በ20 ዓመታቸው ከመተኛታቸው በፊት ወደ ነበረበት ደረጃ ተመልሶ ተገኘ። 5 ሰዎች ጥቂቶች ናቸው፤ በመካከላቸውም ሴት አልነበረችም፤ ስለዚህ ከዚህ ብቻ ተነሥተን ለሰው ልጅ ሁሉ ሕግ አናወጣም። ሆኖም አንድ ነገር አስረድተውናል። ሰው በ20 ዓመቱም በ3 ሳምንት ውስጥ ሊያረጅ ይችላል፤ በ50 ዓመቱም በ6 ወር ውስጥ ከእርጅናው ጥቂቱን ሊመልስ ይችላል።

ከዚህም ቀደም ብሎ በ1953 ጄረሚ ሞሪስ የተባለ የብሪታንያ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የሎንዶን ከተማ አውቶቡስ ሠራተኞችን መርምሮ ያገኘውን አሳትሞ ነበር። የከተማይቱ አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፤ ቲኬት ቆራጩ ግን ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ሲመላለስ በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ያንኑ መንገድ ይመላለሳሉ፤ የአንዱን መሥሪያ ቤት እንጀራ ይበላሉ። የልብ ሕመም ግን ሹፌሮቹን አብዝቶ ያዘ፤ ቆራጮቹን ሲይዝም ዘግይቶና ቀለል ብሎ ነበር። «ምናልባት ሹፌርነትን የሚመርጠው ፊቱንም የወፈረው ሰው ይሆናል» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። ሞሪስ ራሱ የደንብ ልብሳቸውን ልክ ተመልክቶ የሹፌሮቹ ወገብ በእውነት የሰፋ መሆኑን በ1956 ጻፈ። እንግዲህ ለልዩነቱ ምክንያቱ ደረጃው ብቻ ነው አይባልም። ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር በብዙ ሺህ ሰው ላይ የተደረገው ምርመራ፣ አዘውትሮ ሰውነቱን የሚያንቀሳቅስ ሰው በልብ ሕመም፣ በስኳር በሽታና በደም ግፊት የሚያዘው ያነሰ መሆኑን ደጋግሞ አሳይቷል። የአንድ ሰው ዕድሜ ማስረጃ ባይሆንም፣ ሞሪስ በራሱ ምክር እየኖረ በ2009 በ99 ዓመቱ ማረፉን መጥቀስ ደስ ይለናል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። «በጉልምስናው ያልሠራ ሰው ካረጀ በኋላ ምን ያደርጋል? ነገሩ አልፎታል» ይባላል። በ1990 የታተመ አንድ ጥናት ለዚህ መልስ ሰጥቷል። በአሜሪካ በቦስተን ከተማ በአረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ከ86 እስከ 96 የሆነ 10 ደካማ ሰዎች ለ8 ሳምንት የእግራቸውን ጡንቻ በክብደት እንዲያሠለጥኑ ተደረገ። ከመካከላቸው 1 ሰው አቋረጠ፤ 9ኙ ግን እስከ መጨረሻው ዘለቁ። የእነዚህ የእግር ጉልበት በአማካይ ከመቶ 174 እጅ ጨመረ፤ ማለት ፊት ከነበራቸው ሁለት እጥፍ ተኩል አለፈ። የጭናቸው ጡንቻ ዳበረ፤ አካሄዳቸውም ፈጠነ። በእኛ አገር የ96 ዓመት ሰው ክብደት ላንሣ ቢል ዘመድ ተሰብስቦ ወደ ጠበል በወሰደው ነበር!

ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ሰው 30 ዓመት ካለፈው በኋላ ጡንቻው ቀስ በቀስ ይሳሳል፤ አጥንቱም ይቀጥናል። ይህ የዕድሜ ድርሻ ነው። ነገር ግን ጡንቻ ሥራ ሲታዘዝ ይጠነክራል፤ ሥራ ሲያጣ ይሟሽሻል። አጥንትም ክብደት ሲሸከም ራሱን ያጸናል። የሚሠራ ጡንቻ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወስዶ ያነድደዋል፤ የተኛ ጡንቻ ግን በደም ውስጥ ይተወዋል። ሚዛን ጠብቆ መቆምም እንደማንኛውም ሙያ በልምምድ የሚጠበቅ ነው። እግር ሲደክምና ሚዛን ሲጠፋ ሽማግሌው ይወድቃል፤ ሲወድቅ የቀጠነው አጥንት ይሰበራል፤ ሲሰበር አልጋ ላይ ይውላል። አልጋ ላይ ሲውል ምን እንደሚሆን የዳላስ ወጣቶች ነግረውናል። እነሱ የ20 ዓመት ጎረምሶች ስለ ነበሩ ተነሡ፤ የ80 ዓመት ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ አልጋ አይነሣም።

ስለዚህ ወደ አያታችን መደብ እንመለስ። ከልባችን ወደናቸው «ይቀመጡ» ባልን ቍጥር የቀረቻቸውን ጥቂት ጉልበት ከእጃቸው እየወሰድን ነው። ሽማግሌዎቻችን ግን ራሳቸው ለሰውነታቸው የሚበጀውን ያደርጉ ነበር። ሌሊት ተነሥተው ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ሄደው የሚሰግዱ፣ በቀን 5 ጊዜ ለሶላት የሚቆሙና ግንባራቸውን ከመሬት የሚያደርሱ አዛውንት በየሰፈሩ አሉ። የሃይማኖቱን ነገር ለባለቤቶቹ ትተን ስለ ሥጋው ብቻ ብንናገር፣ ከመሬት ተነሥቶ መቆም የጭንና የወገብ ጡንቻ ሥራ ነው። እኛ ግን «ብርድ ነው፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከቤት ይዋሉ» እንላለን። ማክበራችን መልካም ነው፤ አከባበራችን ግን ሊታረም ይገባዋል።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል፤ እኛም ሸሽተን አናልፈውም። «መንቀሳቀስ እርጅናን የሚያዘገይ ከሆነ፣ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ሲወርዱ የኖሩት እናቶች ለምን ቶሎ አረጁ? ዕድሜውን ሙሉ ሞፈርና ቀንበር ያልተለየው ገበሬ ለምን በ50 ዓመቱ ይጎብጣል?» ቢባል ጥያቄው እውነተኛ ነው። መልሳችን ይህ ነው። ሰውነትን ማሠልጠንና ሰውነትን ማድቀቅ አንድ አይደሉም። የሚሠለጥን ሰው ሸክሙን ራሱ ይመጥናል፤ ሲደክመው ያርፋል፤ ካረፈ በኋላም የሚበላው አለው። እንጨት የምትሸከመው እናት ሸክሙን የሚመጥንላት ችግር ነው፤ ቢያማትም ታድራለች እንጂ አታርፍም፤ የምትበላውም ከልጆቿ የተረፈውን ነው። በአውሮፓም ቢሆን ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የከባድ ጉልበት ሥራ ለጤና የሚሰጠው ጥቅም በትርፍ ጊዜ ከሚደረገው እንቅስቃሴ ጋር እኩል እንዳልሆነ አስተውለዋል። እንግዲህ ለዚያች እናት «ስፖርት ሥሪ» ብሎ መስበክ ስድብ ነው። ለሷ የሚገባት ዕረፍት፣ በቂ ምግብና ሐኪም ነው። ስብከታችን ለሚቀመጡት፣ ከሁሉ አስቀድሞም ለራሳችን ነው።

የራሳችንን ኑሮ እንመልከት። ጧት ከአልጋ ተነሥተን ክፍል እንቀመጣለን፤ ከክፍል ወጥተን ካፌ እንቀመጣለን፤ ከካፌ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ደግሞ ዶርም ገብተን ስልካችንን እንደ ታቀፍን እንጋደማለን። ከዋናው በር እስከ መኝታ ቤታችን ባለው መንገድ እንኳ ባጃጅ እንጠብቃለን። በእግሩ የሚሄደውን ሰው «ሳንቲም አጥቶ ነው» ብለን እናዝንለታለን። ቦርጭ ያወጣውን ደግሞ «አምሮበታል፣ ደልቶታል» እንላለን። የተማረ ሰው ማለት የሚቀመጥ ሰው፣ ሹመት ማለትም የተሻለ ወንበር ነው የሚል እምነት ሳናውቀው በልባችን አድሯል። ተመርቀን የምንፈልገውም ይህንኑ ወንበር ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ በየቀኑ የሚወስድብን ጥቂት ስለሆነ አይሰማንም።

«የሯጮች አገር ልጆች ነን» የሚለው ኩራታችንም አያድነንም። ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ሲያገኝ ዕድሜው 36 ነበር፤ በ1972 በሙኒክ በ40 ዓመቱ እንደ ገና ሮጦ 3ኛ ወጣ። ቀነኒሳ በቀለም በ2024 በ41 ዓመቱ የሎንዶንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ 2ኛ ሆኗል። እነዚህ ሰዎች ሰውነቱን ያላቋረጠ ሰው 40 ዓመትን እንዴት እንደሚሻገር ለዓለም አሳይተዋል። እኛ ግን ድላቸውን የምናከብረው ወንበር ላይ ሆነን ነው። በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በመጣ ጊዜ ካናቴራውን ለብሰን አንድ ቀን እንሮጣለን፤ ፎቶግራፍ እንነሣለን፤ ከዚያ እስከሚቀጥለው ዓመት እንቀመጣለን። በዓመት አንድ ቀን የሚበላ ሰው እንደማይጠግብ ሁሉ፣ በዓመት አንድ ቀን የሚሮጥም ሰው አይጠነክርም።

በግቢያችንም ያለው ሥርዐት ለዚህ ይረዳል ማለት አንችልም። ስፖርት የተመረጡ ጥቂት ልጆች ዋንጫ የሚያመጡበት ነገር ሆኗል። እነሱ ይጫወታሉ፤ የቀረነው እናጨበጭባለን። ሜዳው ለቡድኑ ልምምድ ይከፈታል፤ ለቀሪው ተማሪ ብዙውን ጊዜ በሩ ዝግ ነው። እኅቶቻችን ደግሞ ቱታ ለብሰው ቢወጡ የሚሰሙት ፉጨትና ፌዝ ከሜዳው አባሯቸዋል። ይህን የሚያፏጨው ሌላ ሰው አይደለም፤ እኛው ነን። በኋላ ዘመን አጥንታቸው ከወንዶች ይበልጥ የሚሳሳው ሴቶች መሆናቸውን ስናስብ፣ በዚህ ፌዝ የምንወስድባቸው ነገር የአንድ ቀን ጨዋታ ብቻ አይደለም።

ከልክ በላይ ተስፋ እንዳንሰጥ የምናውቀውን ወሰንም እንናገር። ስፖርት የሕይወት ውሃ አይደለም። አዘውትሮ የሚሮጥ ሰውም ጠጉሩ ይሸብታል፤ ልቡ በብርቱ ሥራ ጊዜ የሚመታው ምት ከዓመት ዓመት ይቀንሳል፤ ሊታመምም ይችላል፤ በመጨረሻም ይሞታል። የልብ ወይም ሌላ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ በድንገት ከባድ ነገር መጀመር የለበትም። የምንለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ ሰው ለብቻው ቆሞ፣ ለብቻው ለብሶ፣ ለብቻው ከደጅ ወጥቶ የሚገባበት ዘመን ሊረዝም ይችላል። ለሽማግሌ ሰው ክብር ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ?

ነገሩ ገንዘብም አይጠይቅም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም ጋር በሳምንት 2 ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ እንዲያደርግ ይመክራል። 150 ደቂቃ ማለት በሳምንት 5 ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ነው። ለጡንቻው ደግሞ የዶርማችን ወለል ይበቃል፤ መሬት ላይ ተደፍቶ በእጅ መነሣት፣ ወንበር ሳይነኩ ቁጭ ብድግ ማለት፣ ደረጃ መውጣት ዋጋ አይከፈልባቸውም። ከ65 ዓመት በላይ ለሆኑት ድርጅቱ በሳምንት 3 ቀን ሚዛንን የሚያስጠብቅ ልምምድ ይጨምርላቸዋል። ይህን ሁሉ የማይችል ሰው የሚችለውን ያህል ቢያደርግ ከምንም ይሻላል።

እንግዲህ ማኅበራችንን ሦስት ነገር እንጠይቃለን። መጀመሪያ፣ የግቢያችን ሜዳ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ለማንኛውም ተማሪ ክፍት እንዲሆን ከአስተዳደሩ ጋር ይነጋገር። ሁለተኛ፣ እኅቶቻችን ያለ ስጋት የሚሠሩበት ሰዓት ይወሰን፤ የሚያፌዝባቸውም በማኅበሩ ፊት ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ የስፖርት ክፍሉ በዓመቱ መጨረሻ ሪፖርት ሲያቀርብ ያመጣውን ዋንጫ ብቻ ሳይሆን ሜዳ ያወጣውን ተማሪ ቍጥር ይንገረን። ዋንጫ በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል፤ ጤና ግን ከተመራቂው ጋር ወጥቶ ወደ አገር ይሄዳል።

ራሳችንን ደግሞ አንድ ነገር እንጠይቅ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላሉ አባቶቻችን። የ50 ዓመት ጉልበታችንን የምናከማቸው ዛሬ በ20 ዓመታችን ነው፤ ወይም ዛሬ እናባክነዋለን። በመጪው ክረምት ከቤት ስንገባም አያታችን ጀበናውን ሊያነሡ ሲሉ አንከልክላቸው፤ ከጎናቸው ቆመን እንርዳቸው። ጀንበር በረድ ስትል እጃቸውን ይዘን «እማማ፣ ይነሡ፤ እስከ ጎረቤት ደርሰን እንምጣ» እንበላቸው። መጀመሪያ ቀን ያጉረመርሙ ይሆናል። ነገ ግን ትንሽ ራቅ አድርገን እንወስዳቸዋለን።